እትዬ ጭልፋ እጇን ሰብስባ የዋለችበት ቀን

ሰው ሁሉ እትዬ ጭልፋ ነው የሚላት። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ስም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ግን ባሏና የመታወቂያ ወረቀቷ ብቻ ናቸው። ጭልፋ የተባለችው ምግብ አብሳይ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስታወራም፣ ስትቆጣም፣ መንገድ ስታሳይም ጭልፋው ከእጇ አይወርድም። አንዴ አንድ እንግዳ መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ቢጠይቃት በጭልፋው ጠቁማው ሸሚዙን ስጎ አለበሰችው ይባላል። እሷ ይሄ ወሬ ሲነሳ ትቆጣለች። "ውሸታም ሁላ! ሸሚዙን አይደለም፤ ሱሪውን ነው።"

የምትሠራው ባሕር ላይ ነው። ካታማራን ይሉታል፤ ሁለት ጠባብ ጀልባ ጎን ለጎን ሆነው በላያቸው ሰፊ ወለል የተዘረጋበት፣ መሐሉ ላይ ረጅም ምሰሶና ነጭ ሸራ ያለው። ከፊት፣ በሁለቱ ጀልባዎች አፍንጫ መካከል፣ ወፍራም መረብ ተወጥሯል። እንግዶች መረቡ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ከሥራቸው የሚሮጠውን ውሃ እያዩ እንደ ሕፃን ይስቃሉ። የወደቡ ሰው መንትዬዋ ነው የሚላት። በበጋ እንግዶቿን ጠዋት ጭና ነፋስ ወደማይገባበት አንድ ጥግ ትወስዳቸዋለች። ተራራው ከሦስት ወገን ስላቀፈው ውሃው ዝም ያለ ነው፤ ስሙንም ጓዳው ብለውታል። እዚያ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይመለሳሉ።

የእትዬ ጭልፋ ኩሽና በግራው ጀልባ ሆድ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ከገባበት አንደኛው መተንፈስ ማቆም አለበት። አንዲት ክብ መስኮት አለችው፤ ወደ ውሃው የሚወርደው መሰላልም በመስኮቷ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ እትዬ ጭልፋ የእንግዶቹን ፊት ብዙም አታውቅም፤ እግራቸውን ግን ታውቃለች። ሲወርዱ ደረቅ፣ ሲወጡ እርጥብ። "ዛሬ ባለ ቀይ ጥፍሯ ፈርታ ተመለሰች፣ ወፍራሙ እግር ደግሞ አልወጣ ብሏል፣ ጥሩልኝ ምግቡ ይቀዘቅዛል" እያለች ከታች ትጮሃለች።

እሷ ራሷ ግን ያንን መሰላል ወርዳበት አታውቅም። ባሕር ላይ የሚውል ሰው ባሕር ውስጥ አይገባም ቢባል ማን ያምናል? ግን እንደዚያ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሙሽራ ሳለች ነው። ባሏ አናጢ ነው፤ የተሰበረ ጀልባ ይጠግናል። ዝምተኛ ሰው ነው፣ በቀን የሚናገረው ቃል ከሚመታው ምስማር ያንሳል። ዋና ግን ሲወድ ለጉድ ነው። በተጋቡ ሰሞን ወደ ባሕር ወሰዳት፤ ወገቧን ይዞ ላስተምርሽ አላት። አንድ ሞገድ መጣና ገለበጣት። ውሃ ጠጣች፣ አሳላት፣ ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖት እንደ እርጥብ ድመት ብቅ አለች። እሱ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ሳቀ ብቻ። እሷ ግን ምንም ሳትናገር ወጣች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለተኛ ውሃ ውስጥ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ በጋ በመጣ ቁጥር "ነይ እንጂ" ይላት ነበር። "ሥራ አለብኝ" ትለዋለች። እያደር ጥያቄው አነሰ፤ ልጆች መጡ፣ ልጆች አድገው ሄዱ። አንድ በጋ ላይ ጭራሽ መጠየቁን ተወው። ጠዋት ጠዋት ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ብቻውን ይሄዳል። እፎይ ትላለች ብሎ አስቦ ይሆናል። እሷ ግን እውነተኛው ቅሬታ የገባት ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን ታያለች። ጠርታ ልምጣ እንዳትል ኩራቷ አፏን ይይዘዋል፣ ዝም እንዳትል ደግሞ ሆዷ አይችልም።

ታዲያ በዚህኛው በጋ መጀመሪያ ላይ ሆዷ አሸነፈ። ለባሏ እህት ነገረቻት። የባሏ እህት የመንትዬዋ አጣቢ ናት፣ የጀልባውን ፎጣና አንሶላ የምታጥበው እሷ ነች። የሚኖሩትም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከቤታቸው ለመውጣት በተሰጣ ፎጣ መሐል እየሾለኩ ማለፍ ግድ ነው። አጣቢዋ ሰምታ ስታበቃ በሳቅ ፈንታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ትጠብቂ ነበር? ባሕሩ እንዲደርቅልሽ ነው?" አለቻት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጭልፋ ለባሏ አትክልት ልገዛ ነው እያለች ማለዳ ማለዳ ከአጣቢዋ ጋር መውጣት ጀመረች። ከጨው መጋዘኑ ጀርባ ውሃው ከወገብ የማያልፍበት ቦታ አለ፤ የሚያያቸው የለም። አጣቢዋ ሌላ ነገር ማስተማር አታውቅም፣ የምታውቀው ጨርቅ ነው። "ራስሽን አንሶላ ነኝ በይ። አንሶላ ከውሃ ጋር ሲደባደብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዝም ብሎ ይዘረጋል እንጂ!" አለቻት። እትዬ ጭልፋ መጀመሪያ ላይ እንደ አንሶላ ሳይሆን እንደ ድንጋይ ነበር የምትሰምጠው። "ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፣ እኔን ግን እያስለቀሰ ሊወስደኝ ነው" ትላለች እየተንቀጠቀጠች። ቀስ በቀስ ግን ጀርባዋ ላይ መተኛት ቻለች፤ ከዚያ እግሯን እንደ እንቁራሪት መምታት፤ ከዚያ እውነተኛ ዋና፣ ትንሽ፣ ግን ዋና።

ባሏ አንድ ቀን ፀጉሯን አየና፣ "ገበያው ላይ ዝናብ ጥሎ ነበር እንዴ?" አላት።

"አትክልቱን አጥቤ ነው።"

"በፀጉርሽ ነው ያጠብሽው?"

"አንተ ደግሞ ዛሬ አፍ አወጣህ!" ብላ ሮጣ ገባች። እሱም ወደ ምስማሩ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ።

የመንትዬዋ ሠራተኞች አንድ ልማድ አላቸው። የበጋው እንግዳ ጋብ ሲል አንድ ቀን መርጠው ራሳቸው እንግዳ ይሆናሉ። በዚያ ቀን ማንም የራሱን ሥራ አይሠራም። ካፒቴኑ ያበስላል፣ መካኒኩ መሪ ይይዛል፣ አናጢው ባሏ ገመድ ይስባል። አጣቢዋና እትዬ ጭልፋ፣ በዕድሜ ስለሚከበሩ፣ ጭራሽ ምንም አይነኩም። ሕጉ አንድ ነው፤ የራሱን ሥራ ሲሠራ የተያዘ ሰው ፍርዱን መንገድ ላይ ይሰማል፣ ጓዳው ሲደረስ ከነልብሱ ባሕር ውስጥ ይወረወራል።

እትዬ ጭልፋ እስከዛሬ በዚህ ቀን ሁልጊዜ ትታመማለች። አንዴ ጥርሷን ነው፣ አንዴ ወገቧን፤ ባለፈው ደግሞ እሷ ደህና ሆና ዶሮዋ ታማ ቀረች። ዘንድሮ ግን "እመጣለሁ" አለች። መካኒኩ የያዘውን ብሎን ጣለው።

ያሰበችው ይሄ ነው። ጓዳው ደርሰው ሰው ሁሉ ውሃ ሲገባ እሷ ቀስ ብላ በመሰላሉ ትወርዳለች። ማንም ሳያያት ዋኝታ ባሏ አጠገብ ትደርሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ተይዛ ከተወረወረች ግን ነገር ሁሉ ይበላሻል። መወርወር አልተማረችም። ውሃ ትጠጣለች፣ ፀጉሯ ፊቷን ይሸፍናል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ያኔ ዳግመኛ ባሕር እንደማትገባ ራሷን ታውቀዋለች። ስለዚህ እስከ ጓዳው ሳትያዝ መድረስ አለባት። ችግሩ እጇ ነው። የእትዬ ጭልፋ እጅ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም።

ጠዋት ሲነሱ ባሕሩ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ለጥ ብሎ ነበር። ከወደቡ እንደወጡ ሞተሩ ጠፋ፤ አናጢው ገመዱን ሲስበው ሸራው ተንጓግቶ፣ ከዚያ ነፋስ ሞላውና ጢም አለ። ድንገት ጸጥታ ሆነ። የሚሰማው የውሃው ሽው ሽውታ ብቻ ነው። እትዬ ጭልፋ መረቡ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ከሥሯ ውሃው አረፋ እየደፈቀ ይሮጣል፤ አንዳንዴ ተፈናጥሮ እግሯን ይነካታል። ይሄን ሁሉ ዘመን ኩሽና ውስጥ ሆና ጉዞ ማለት ድስት ወዲህና ወዲያ መንሸራተቱ ነበር የሚመስላት።

"ወይ ጉድ! ለካ እንዲህ ደስ ይላል!" አለች ጮክ ብላ።

"ምን መሰለሽ ታዲያ?" አለች አጣቢዋ። "ሰው የሚከፍለው ለአንቺ ድንች ብሎ ነው?"

"ድንቼን አትንኪ!"

"እጅሽን ይልቅ ጠብቂ። ተቀመጪበት።"

እትዬ ጭልፋ እውነትም ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው።

መካኒኩ ግን ዋና ቀልደኛ ነው፤ እሷን ሳይዝ ሊውል አልፈለገም። መሪውን ለአናጢው ትንሽ ያዝልኝ ብሎ አንድ ሳሕን ያልተላጠ ድንችና ቢላዋ አመጣና አጠገቧ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ሰማይ እያየ ማፏጨት።

"ምንድነው ይሄ?" አለችው።

"ምንም አይደለም እትዬ። ድንቹ ፀሐይ ይሙቅ ብዬ ነው።"

"እኔን ልትይዝ ነው አይደል? የባለጌ ልጅ!"

"ኧረ እትዬ! እኔ ምን አልኩ? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ሲባል ሰምቼ ነው እንጂ።"

"ጦጣ አባትህ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና!"

"አባቴ እኮ በሕይወት አሉ እትዬ።"

"እንግዲያው ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ከነጦጣነታቸው!"

አጣቢዋ በሳቅ መረቡ ላይ ተንከባለለች። ስትንከባለል አንድ ፎጣ ተንሸራቶ ጫፉ ባሕር ነካ። አፈፍ አድርጋ አወጣችው፣ ጭምቅ ጭምቅ አደረገችው፣ ዘርግታ አራገፈችው፣ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ቀና ስትል መካኒኩ ጣቱን ቀስሮባታል።

"ተያዘች! አጣቢዋ ተያዘች! ፍርድ፦ ጓዳው ሲደረስ ባሕር!"

"ወይኔ እጄን ይቁረጠው!" አለች እየሳቀች። እሷስ ውሃ ልጅነቷ ነው፣ ምን ይነካታል? እትዬ ጭልፋ ግን እጇን የባሰ ተጫነችው።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ካፒቴኑ ከኩሽናው አንገቱን ብቅ አደረገ። ግንባሩ ዱቄት ሆኗል። ባሕሩ ላይ አንበሳ የሆነ ሰው፣ ምድጃ ፊት እንደ አዲስ ተማሪ ቆሟል።

"እትዬ፣ ዓሣው ሎሚ የሚጨመርበት ከመጥበሱ በፊት ነው በኋላ?"

"አላውቅም ልጄ፣ እኔ እንግዳ ነኝ" አለችው። ነጭ ሽንኩርቱ ሲያርር ግን ይሸታታል። ዘይቱ ሲጮህ ከዚህ ይሰማታል። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለነፋሱ ሰጠችው። አንሶላ ነኝ፣ አንሶላ ነኝ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ጓዳው ደረሱ። ሸራው ወረደ፣ መልህቁ ተጣለ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እስከ ታች አሸዋው ድረስ ይታያል። አጣቢዋን በእጅና በእግሯ ይዘው አንድ፣ ሁለት ብለው ወረወሯት፤ እየጮኸች ሄደች፣ እየሳቀች ወጣች። አናጢውም ሸሚዝና ሱሪውን አጣጥፎ አስቀምጦ፣ ጫማውን ጎን ለጎን አሰልፎ፣ ምንም ሳያረጭ ጥልቅ አለ።

ጊዜው አሁን ነው። እትዬ ጭልፋ ተነሣች። ከሥር አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ነው የመጣችው። ወደ መሰላሉ ለመሄድ በኩሽናው በር ማለፍ አለባት። አለፈች፤ ማለትም ልታልፍ ነበር። ካፒቴኑ ጀርባውን ሰጥቶ ሳሕን ይፈልጋል። መጥበሻው እየጨሰ ነው፤ ትልቁ ዓሣ በአንድ ጎኑ ሊያር ደርሷል። እሷ አላሰበችም፣ እውነቱን ለመናገር እጇ አላማከራትም። ዝቅ ብላ እሳቱን ቀነሰች፣ ዓሣውን አንዴ ገለበጠችው፤ እንዲያውም በጣቷ ጨው ነሰነሰችበት።

"ተያዙ! እትዬ ተያዙ!"

መካኒኩ ምሰሶው ሥር ተደብቆ ኖሯል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ካፒቴኑ ዱቄታም እጁን እየጠረገ በአንድ በኩል፣ መካኒኩ በሌላ በኩል ክንዷን ያዟት።

"ተዉኝ፣ በሞቴ፣ እኔ ራሴ..." አለች፤ ግን በጩኸቱ ማን ይስማት?

"ተዉ!" የሚል ድምፅ መጣ ከውሃው። የአናጢው ድምፅ ነው። ጮኾ የሚያውቅ ሰው ስላልሆነ ሁሉም ደነገጠ። መሰላሉን በሁለት እርምጃ ወጣው፣ ውሃው ከላዩ እየወረደ መሐላቸው ገባ። "እሷን ተዉ። ውሃ ትፈራለች። ቅጣቷን እኔ እወስዳለሁ።"

"አንተማ ውሃ ውስጥ ነበርክ እኮ" አለ መካኒኩ። "ይሄ ምኑ ቅጣት ነው?"

አናጢው አሰበ። ከዚያ ሄዶ አጣጥፎ ያስቀመጠውን ሱሪ በእርጥብ ገላው ላይ ለበሰ። ነጩን ሸሚዝ ለበሰ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ። ካልሲ አደረገ። ጫማውን አሰረ፣ ክሩን ሁለቴ ቋጠረው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ልክ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ እስከ ጫፉ ተራመደና ባሕር ውስጥ ገባ።

ያኔ ሳቅና ጭብጨባ ፈነዳ። "ወንድ! ባል ማለት እንዲህ ነው!" አለች አጣቢዋ ከታች። ካፒቴኑም የእትዬ ጭልፋን ክንድ ለቆ "እንኳን ተረፉ እትዬ፣ ይቀመጡ" አላት።

እሷ ግን አልተቀመጠችም። ውሃ ትፈራለች። ይሄን ቃል በሰው ፊት ሰማችው። ክፋት የለውም፣ እንዲያውም ፍቅር ነው፣ ሸሚዙ ምስክር ነው። ግን አሁን ብትቀመጥ ቃሉ እንደ ምስማር ተመትቶ ይቀራል፤ የእሱ ምስማር ደግሞ አይነቀልም። መሰላሉ ጋ ሰው ቆሟል። ቀስ ብሎ መውረድ የለም፣ መደበቅ የለም።

"ማነው ቅጣቴን አንሥቶ ለሰው የሰጠው?" አለች።

"እንዴት እትዬ?"

"የተያዝኩት እኔ፣ የሚወረወረው እሱ? ሕግ የላችሁም እንዴ?"

ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። የላይኛውን ቀሚስ በራሷ ላይ ሳበችና ለመካኒኩ አስታቀፈችው። ከዚያ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ "ወይኔ እናቴ!" ብላ ዘለለች።

ከሥር ሁሉም ነገር አረንጓዴና ዝም ያለ ነበር። ወረደች፣ ወረደች። ከዚያ ውሃው ራሱ ወደ ላይ መለሳት። ብቅ ስትል ልክ የፈራችው ሆነ፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ውሃ ጠጥታለች፣ ያስላታል። አንድም ሰው አልሳቀም። አናጢው ብቻ ከነጫማው፣ ከነካልሲው፣ ፊቱ አመድ መስሎ እየተንቦጫረቀ ወደ እሷ ይመጣል።

"ያዢኝ! አንገቴን ያዢኝ!"

"ተወኝ! አትንካኝ!"

"ትሰምጫለሽ እኮ!"

"አትንካኝ አልኩህ!" አለችና ራሷን ወደ ኋላ ለቀቀችው። እጇን ዘረጋች፣ እግሯን ዘረጋች። ውሃው ተቀበላት። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወረደ። ተንሳፈፈች፤ ሆዷ እንደ ትንሽ ደሴት ከላይ ሆኖ።

አናጢው አፉን ከፍቶ ቀረ። በከፈተው አፉ ውሃ ገባ፤ አሁን እሱ ያስለው ጀመር። ያን ጊዜ ከጀልባው ላይ የተነሣው እልልታ ተራራው ላይ ተመትቶ ሲመለስ ይሰማ ነበር። መካኒኩ የእትዬን ቀሚስ እንደ ባንዲራ ያውለበልባል።

"ማን አስተማረሽ?" አለ ትንፋሹ ሲመለስ።

"ገበያ ነው የተማርኩት፣ ከካሮቱ ጎን ይሸጥ ነበር።"

"እኔ ነኝ! እኔ!" ብላ ጮኸች አጣቢዋ ከወዲያ። "ወንድሜ ሆይ፣ ካንተ የተሻልኩ መምህር ነኝ!"

እሱ ወደ እህቱ አልዞረም። ሚስቱን ብቻ ያያታል። "ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?"

ልታልፈው ነበር፣ ቀልድ ልታደርገው። ግን ጀርባዋ ላይ ተኝታ ሰማይ ስታይ ውሸት አልመጣላትም። "ስቀህብኝ ነበራ" አለችው።

"እኔ? መቼ?"

"ሙሽራ ሳለን። ሞገዱ የገለበጠኝ ቀን።"

ብዙ አሰበ። ጫማው ወደ ታች እየጎተተው፣ እጁን ብቻ እያንቀሳቀሰ አሰበ። "ትዝ አለኝ" አለ በመጨረሻ። "ፀጉርሽ እንዲህ ሆኖ... ደስ ብሎኝ እኮ ነው። ቆንጆ ነበርሽ።"

"ታዲያ ይሄን ያኔ አትናገረውም ነበር?"

"መች ጊዜ ሰጠሽኝ? ጫማሽን አድርገሽ ሄድሽ።"

እትዬ ጭልፋ ሳቀች። ስትስቅ ሆዷ ተንቀጠቀጠ፣ ሚዛኗ ጠፋ፣ ጠለቅ አለችና ተመልሳ በእንቁራሪት ዋናዋ ተነሣች። እሱም እየሳቀ ነበር፤ እሷ ግን በዚህ ሳቅ ወደ የትም አልሄደችም። "ይልቅ አንተ ጫማህን አውልቅ፣ ሳትሰምጥብኝ" አለችው። ሁለቴ የተቋጠረው ክር ውሃ ጠጥቶ እምቢ አለ። እሷ ትከሻውን ደግፋ ስትይዝ፣ እሱ እየታገለ አንዱን ፈታ፣ ሌላውን ፈታ። ጫማዎቹን ወደ ጀልባው ወረወራቸው፤ አንደኛው ካፒቴኑን ደረቱ ላይ መታው።

"ምሳ ደርሷል!" አለ ካፒቴኑ ጫማውን እንደያዘ። "እትዬ፣ ዓሣው የእርስዎ ጎን ብቻ ነው የዳነው፤ ኑ ሳይቀዘቅዝ!"

"ብሉ! ብሉ እናንተ!" አለች።

ከጓዳው አፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከውሃ ወጣ ብሎ ይታያል። አናጢው ጠዋት ጠዋት ብቻውን ሲዋኝ እንደሚያደርገው ወዲያው ወደዚያ አልቀዘፈም፤ አንዴ ድንጋዩን አየ፣ አንዴ እሷን አየ።

"እዚያ ድረስ እንሂድ?" አላት።

"ቀስ ካልክልኝ።"

ቀስ አለ። በዕድሜው ሙሉ ቀስ ብሎ ዋኝቶ ስለማያውቅ አልሆን እያለው፣ በነጭ ሸሚዙ ውስጥ አየር ተነፍቶ እንደ ፊኛ ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ ቀዝፎ ቆም ይላል፣ ሁለት ጊዜ ቀዝፎ ቆም ይላል። እሷ በአጠገቡ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እየተነፈሰች፣ እያወራች ሄደች።